የአጎቴ ባልዲ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴ በሞላሌ ከተማ ቄራ ውስጥ ዕድሜያቸውን የገፉት የከብት ደም ሲሰበስቡ ነው። ደሙ ተቀቅሎና ደርቆ የዶሮ መኖ ይሆናል። ለእያንዳንዱ በሬ በፈላ ውሃ የታጠበ የራሱን ባልዲ ይደቅኑ ነበር፤ የከብት ሐኪሙ ሥጋውን መርምሮ «ጤነኛ ነው» እስኪል ድረስም የአንዱን ከሌላው አይቀላቅሉም ነበር። ሰው «ለደም ይሄ ሁሉ!» እያለ ይስቅባቸው ነበር።

መምህርት ሆኜ በተቀጠርኩበት ዓመት፣ አንድ ቀን ምሳ ይዤላቸው ሄድኩ። ባልዲ ያጠራቸው መስሎኝ፣ ላግዝ ብዬ የሁለት በሬ ደም አንድ ላይ ገለበጥኩት። ወዲያው ሐኪሙ የአንደኛውን በሬ ጉበት አገላብጦ አየና «ይሄ በሽተኛ ነው፤ ይወገድ» አለ። የጤነኛውም ደም አብሮ ተቀበረ።

አጎቴ አልተቆጡኝም። ባልዲውን እንደገና እያጠቡ «ሳትጠይቂኝ አትንኪ ልጄ፤ እኔ እዚሁ ነኝ» አሉኝ፣ በቃ።

ባለፈው ሳምንት ለተዝካራቸው በሬ ሲታረድ፣ ባልዲያቸውን በፈላ ውሃ አጥቤ እኔው ደቀንኩ። ሲሞላ ወደ ኋላዬ ዞር ብዬ «አጎቴ፣ የት ላስቀምጠው?» አልኩ።