ከጃንጥላው ሥር የነበረው ወንበር

በዕድሜዬ ቤት ገዝቼ አላውቅም። አንድ ቤት ግን ሸጫለሁ። የሸጥኩት ቤት የኔ አልነበረም፤ መሸጤንም ያወቅሁት ከተሸጠ በኋላ ነው። ያገኘሁት ነገር ቢኖር አንድ ነጭ ሄልሜትና ብዛቱን የማላስታውሰው ሻይ ነው። እንደኔ ያለ ደላላ ነቀምቴ አይታ አታውቅም፤ ሌላው ደላላ እንኳ የሚሸጠውን ያውቃል።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው በከኒሳ ቀሴ በሚባል የነቀምቴ ሰፈር፣ በቀበሌ ቤት ነው። እዚያው ወልደን፣ አሳድገን፣ ድረን ሸኝተናል። ጣሪያው ያፈሳል፤ በሩ ክረምት ሲመጣ ያብጥና በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም። ባለቤቴ ግን የምታማርረው ስለ ጣሪያው አልነበረም።

"እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው" ትለኝ ነበር። "ስሞት ከራሴ በር እንዲያወጡኝ። ከቀበሌ በር አይደለም።"

"አንቺ ቅደሚና በሩ ያሳልፍሽ እንደሆነ እናያለን" እላታለሁ እኔ።

እንዲህ ስል መልስ የሰጠኋት ይመስለኝ ነበር። ማሾፍ የቆየ በሽታዬ ነው፤ ለከበደኝ ነገር ሁሉ የምወስደው ኪኒን እሱ ነው።

ከዚያ ልጆቻችን አዋጥተው "በሉ ቤት ፈልጉ" አሉን። ሁለት ነገር ቀረበልን። አንደኛው ከሰፈራችን ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ያለ የጭቃ ቤት ነው። ባለቤትዮዋ አሮጊት ልጇ ዘንድ ልትገባ ስለነበር ለማንም ሳትናገር አስቀድማ ለሚስቴ ነገረቻት። ጓሮው ውስጥ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አለ። ሚስቴ ሄዳ ዛፉ ሥር ግማሽ ቀን ተቀምጣ መጣችና "በቃ፣ ይሄ ነው" አለች። ሁለተኛው ከከተማው ጫፍ፣ በሲሬ መንገድ ላይ፣ ሜዳ ታጥሮ የሚሠራው አዲስ መንደር ነው። ቤቶቹ አንድ ዓይነት፣ ጣሪያቸው ቀይ፣ አጥራቸው በብሎኬት።

እኔ ደግሞ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓለምን በጠመኔ የሣለ ሰው በመጨረሻ ጭቃ ቤት ይግባ? "አዲሱንም እንየውና እንወስናለን" አልኩ። በኛ ቤት "እንወስናለን" ማለት እኔ እስክወስን ድረስ ሁሉም ይጠብቅ ማለት ነው።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን የሽያጭ ኃላፊው ተቀበለኝ፤ አርባውን ያለፈ፣ ጫማው በዚያ ሁሉ ጭቃ መሐል የሚያብረቀርቅ ሰው። የሚያምር ሥዕል ዘረጋልኝ። በሥዕሉ ላይ ከመንደሩ መሐል ፏፏቴ አለ። ስለ ውሃው አልዋሹም፤ ይህን በኋላ ተረድቻለሁ።

ለናሙና የተሠራችውን ቤት አስጎበኘኝ። እኔም ግድግዳውን በጣቴ አንኳኳሁ፤ ስለ ፌሮው ውፍረት ጠየቅሁ፤ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ አንዱን ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ። ምን እንደማይ አላውቅም ነበር፤ ነገር ግን መሐንዲሶች እንደዚያ ሲያደርጉ አይቻለሁ።

"አባታችን፣ መሐንዲስ ነዎት እንዴ?" አለኝ።

"መምህር ነኝ።"

"እሱማ ይበልጣል" አለኝ። እዚያው አለቀልኝ።

ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን መመላለስ ጀመርኩ። የባጃጁ ሾፌር ወዴት እንደምሄድ መጠየቁን ተወ። መጀመሪያ ድንጋይ ላይ ነበር የምቀመጠው፤ ቀጥሎ በርጩማ መጣልኝ፤ ቀጥሎ ወንበር። አንድ ቀን ስደርስ ወንበሬ አጠገብ ትልቅ ጃንጥላ ተተክሎ አገኘሁ። ነጭ ሄልሜትም ሰጡኝ። "ለደኅንነትዎ ነው" አሉኝ። አጠገቤ ሊወድቅ የሚችል ነገር ቢኖር ጃንጥላው ብቻ ነበር፤ ቢሆንም አደረግሁት። ሻይ በስኳር፣ ሻይ ያለ ስኳር፣ የፈለግሁት ይመጣል። ሽማግሌው ፀሐይ እንዳይመታው አስበው ነው ብዬ ልቤ ተነካ። ጃንጥላው ለምን ከቤቶቹ ርቆ አስፋልቱ ዳር እንደተተከለ፣ ወንበሬም ለምን ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳዞረ አልጠየቅሁም። ተማሪዬ ይህን ሳይጠይቅ ቢቀር ኖሮ ከክፍል አስወጣው ነበር።

የከተማውን ግማሽ አስተምሬዋለሁ። የሚያልፈው ሁሉ በኦሮምኛ "አካም፣ ባርሲሳ!" ይለኛል፤ 'እንዴት ነህ መምህር' ማለቱ ነው። አንዳንዱ ባጃጁን አቁሞ "ቲቸር፣ እርስዎም እዚህ ነዎት?" ይላል። እኔም ሄልሜቴን ትንሽ ከፍ አድርጌ "እያየን ነው" እላለሁ። አባባሌ ስለ ሥራው ሁሉን የሚያውቅ ሰው አባባል ነበር። ጠያቂው በዚያው ወደ ቢሮው ይዞራል።

ቤት ስገባ ባለቤቴ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ቤት ልትገዛ ነው የምትሄደው ወይስ ተቀጥረሃል?" ትለኛለች።

"እያጠናሁ ነው።"

"ጥናትህ ለእኔ አርባ ይደርሳል። አሮጊቷ ዛሬም መጥታ ነበር፤ ሌላ ሰው ጠይቋታል።"

"ጭቃ የት ይሄዳል? ይቆይልናል።"

አንድ ቀን ከጉቶ ጊዳ ወረዳ የሆኑ ሽማግሌ ገበሬ ከብቶቻቸውን እየነዱ በአጥሩ ጥግ መጡ። በእኔ ዕድሜ ናቸው። ሜዳው እስኪታጠር ድረስ የሚያግዱት እዚያ ላይ ነበር። ዱላቸውን ተደግፈው ቀዮቹን ጣሪያዎች ሲያዩ ቆዩና ወደኔ ዞሩ።

"ባርሲሳ፣ አንተ ነህ የምታሠራው?"

"ኧረ እኔ ተመልካች ነኝ።"

"ይሄ እኮ ጨፌ ነው። ክረምት ውሃ ይተኛበታል። ነሐሴ ላይ በሬዬ ያ ቤት ያለበት ጋ እስከ ሆዱ ገብቶ፣ ስድስት ሰው ሆነን በገመድ ነው ያወጣነው።"

"አሁን እኮ አፈር ሞልተውበታል" አልኳቸው።

"አፈሩንስ አየሁ። ውሃውን የት አደረሱት?"

ሻዬን ፉት አልኩ።

"ለእነሱ ንገራቸው" አሉኝ። "እኔን የሚሰማኝ የለም። አንተ ሄልሜት አለህ።"

ከብቶቻቸውን ነድተው ሄዱ። እኔም ቀና ብዬ አየሁ። በግራም በቀኝም ተረተር፤ መሐሉ ጎድጓዳ፤ አጥሩ ሥር ቄጠማ በቅሏል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየፈተናው የማወጣው ጥያቄ ከፊቴ ተዘርግቶ ነበር፤ ያውም መልሱ ከነቄጠማው። ለመረዳት ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ታዲያ ተነሥቼ ሄድኩ? አልሄድኩም። ሻዬ ትኩስ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የምለውን አዳምጦ የሚጨርስ ሰው አላገኘሁም። ልጆቼ ስልክ ላይ "እሺ አባዬ፣ እሺ" ይሉኛል፤ ሚስቴ የቀልዶቼን መጨረሻ አስቀድማ ትናገራለች። እዚያ ወንበር ላይ ግን ሰው ነበርኩ። ጨፌ መሆኑን ከተናገርኩ ወንበሩ ይነሣል። ስለዚህ ለራሴ "ገና እያጠናሁ ነው" አልኩት። ራሴ አመነኝ፤ እሱ ድሮም ደካማ ተማሪ ነው።

በሳምንቱ ከሲሬ የሚመጣው አውቶቡስ ፊት ለፊቴ ቆመና አንዲት ሴት ወረደች። ሮጣ መጥታ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች።

"ቲቸር! አላወቁኝም?"

ያወቅኋት በድምጿ ነው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ትቀመጥ ነበር። አባቷ ሲሞት ትምህርቷን አቋርጣ ሲሬ ገባች፤ እዚያ አውቶቡሶች በሚቆሙበት ሻይ ቤት ከፍታ ስንት ዓመት ሙሉ መንገደኛ ስታስተናግድ ኖራለች።

"ዕቃ ልገዛ ስመጣ ሁልጊዜ ከመስኮቱ አይዎታለሁ" አለችኝ። "መጀመሪያ ደላሎች ሲነግሩኝ ፈርቼ ነበር። በኋላ 'ቲቸር ያሉበት ነገርማ' አልኩ። ሻይ ቤቴን ሸጥኩት። ልጄም ነቀምቴ ትማራለች። የእርስዎ የቱ ነው? ጎረቤት እንሁና!"

በዚያች ሰዓት "የኔ የሚባል የለም፣ አትግዢ" ማለት አምስት ቃል አይሞላም። የሽያጭ ኃላፊው አጠገባችን ቆሞ ፈገግ ብሎ ያየኛል። ብርጭቆ በያዘው እጄ እንዲሁ አየሩን እየጠቆምኩ፣

"ወደዚያ በኩል ነው" አልኳት።

ቢሮ ገባን። ውሉ ላይ ምስክር ያስፈልግ ነበር። "ከቲቸር በላይ ምን ምስክር አለ!" አለች። ብዕሩን ተቀበልኩ። በሕይወቴ የፈረምኩት ቆንጆ ፊርማ እሱ ነው፤ እጄ ትንሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። በሌላ ቀን ማንኪያ ስይዝ ይንቀጠቀጣል።

የዚያኑ ዕለት ቤት ገብቼ ለባለቤቴ፣ "አዲሱ ይቅርብን፤ መሬቱ ውሃ ይይዛል። የዳገቱን እንውሰድ" አልኳት።

ምስር ትለቅም ነበር። ቀና አላለችም።

"የዳገቱ ማክሰኞ ተሸጠ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነገርኩህ እኮ። እያጠናህ ነበር።"

ምስሯን መልቀሟን ቀጠለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ሄልሜቱን ከእጄ ወሰደችና ገልብጣ ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር አኖረችው። እስከዛሬ እዚያው ነው፤ ግዳጁን የሚወጣ ዕቃ ነው፣ ከባለቤቱ ይሻላል።

እኔም ወደዚያ መሄዴን አቆምኩ። አንድ ቀን በባጃጅ ሳልፍ ከጃንጥላው ሥር ሌላ ሽማግሌ ተቀምጦ አየሁ። ዳኛ የነበረ ሰው ነው። ጢሙ ከኔ ጢም ያምራል። ወንበሩ ለምን ወደ መንገዱ እንደዞረ ያኔ ገባኝ። የከፋው ደግሞ፣ ሁሉን ከተረዳሁ በኋላም በሰውዬው መቅናቴ ነው።

ሐምሌ ላይ ተማሪዬ ላከችብኝ፦ "ቤቴን ሳያዩልኝ ክረምቱ ገባ፤ ከእማማ ጋር ይምጡ።" ባለቤቴን ይዤ ሄድኩ። ስለ ፊርማው አልነገርኳትም ነበር።

ከበሩ እስከ ሳሎን ሳንቃ ተነጥፏል። ሳንቃው ሲረገጥ ከሥሩ ውሃ ይተፋል። አልጋው በብሎኬት ከፍ ብሏል፤ የልጅቷ ደብተሮች ቁም ሣጥኑ ጫፍ ላይ ተደርድረዋል። ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ ጠቁሯል። ተማሪዬ ደረቁን ወንበር ለእኔ ሰጠችኝ።

"የእርስዎስ ቤት ውሃ ገባበት ቲቸር?" አለችኝ። "መጥቼ ላየው ብዬ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ።"

"የማን ቤት?" አለች ባለቤቴ።

ሁለቱም አዩኝ። አንድ ቀልድ ፈለግሁ። ስፈልገው አጥቼው የማላውቀው ነገር ያን ቀን ጠፋ።

"የኔ ቤት የለም" አልኩ። "አልገዛሁም።"

"ገንዘቡ አልሞላ ብሎ ነው?" አለች ተማሪዬ።

"አይደለም። ጨፌ መሆኑን ሰምቼ ነበር።"

"መቼ?"

"አንቺ ከመምጣትሽ በፊት።"

ተማሪዬ ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

"ክፍል ውስጥ ምን ይሉን እንደነበር ያስታውሳሉ? 'የሚያውቅ እጁን ያውጣ' ይሉን ነበር። እኔ እያወቅሁ እፈራ ነበር። አንድ ቀን ለዚያ ቆጥተውኛል።"

"አዎ።"

"እጅዎን ማውጣት ነበር፣ ቲቸር።"

ከዚያ ሻይ አመጣች። ጠጣሁት። አለመጠጣትም ሌላ ስድብ መሰለኝ።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ለባለቤቴ፣ "ከእሷ ቀጥሎ ያለው ቤት ገና አልተሸጠም። እንግዛው" አልኳት። ከልቤ ነበር። አጠገቧ ብሰምጥ የሚቀለኝ መሰለኝ።

"የአንተን ኃፍረት ለማጠብ እኔ እግሬን ውሃ ውስጥ ልክተት?" አለች። "ከራሴ በር ልውጣ አልኩህ እንጂ በጀልባ አውጡኝ አልኩህ?"

ሾፌሩ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በዳገቱ ቤት በኩል ስናልፍ ወደ አቮካዶው ሳታይ ፊቷን አዞረች። የልጆቻችንን ገንዘብ በማግሥቱ መለሰችላቸው። በቀበሌው በር መውጣታችን በዚሁ ተወሰነ፤ እኔም በሕይወቴ አንድ ነገር ሳላጠናው ሲወሰን አየሁ።

አሁን የመንደሩ ሁለተኛ ዙር እየተሸጠ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን እሄዳለሁ፤ ልማድ አይለቅም። ከጃንጥላው ማዶ፣ ከአስፋልቱ ሌላኛው ጠርዝ እቆማለሁ። ዘበኛው እንዳልሻገር ነግሮኛል። ሰው ሊያይ ሲመጣ አንድ እጄን ወደ ላይ አወጣለሁ። የሚጠይቀኝ ካለ ስለ ጨፌው እነግረዋለሁ። እስካሁን የጠየቁኝ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ሰዓት ነው የጠየቀኝ። ባጃጆች ግን ሁሉም ይቆሙልኛል። ከሲሬ የሚመጡት መንገደኞችም ሰላም ያልኳቸው እየመሰላቸው በመስኮት እጃቸውን ያውለበልቡልኛል።

ተማሪዬ ከበሯ ብቅ ትልና የባልዲውን ውሃ ትደፋለች። ታየኛለች፤ ሰላም አትለኝም። ሌላ ባልዲ ልትሞላ ትገባለች። እኔም ክንዴ እስኪዝል እጄን አወጣለሁ። ብዙ አይቆይም፣ ሽማግሌ ነኝ። ሲዝልብኝ እጅ እቀይራለሁ።