ማላኪ ጊልሁሊ ኮርክ ከተማ ሽርሽር የሄደ ጊዜ

ማላኪ ጊልሁሊ በሮስኮመን ገጠር፣ ሰው ሲሞት አካፋውን ይዞ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የጎረቤቱን መቃብር ቆፍሯል። ጠዋት ጠዋት ሬዲዮው የሟቾችን ስም ሲያነብ ላሞቹ እንኳ ዝም እንዲሉለት ይፈልጋል። የሚወደውን ቀብሯል፣ የማይወደውንም ቀብሯል፤ አጥሩን ያፈረሰበት ሰው የሞተ ጊዜ እንኳ ልብሱን ቀይሮ ሄዷል።

የቀረው ከአንድ ሰው ቀብር ብቻ ነው። ከታናሽ ወንድሙ ከኮልማን።

ወንድማማቾቹ የተጣሉት በአንድ የግጦሽ መስክ የብረት በር ነው፤ በሩ ተዘግቶ ይደር ወይስ ተከፍቶ በሚል። በዚህ የተነሳ ዘጠኝ ዓመት ተኳረፉ። ከዚያ ኮልማን ኮርክ ላይ ሞተ። በቀብሩ ቀን ማላኪ የላሞቹን ድርቆሽ ሲሰበስብ ዋለ። ዝናብ ይዘንብ ነበር።

ሚስቱ አትራክታ ስድስት ዓመት ጠበቀች። ዘንድሮ ግን አንድ ቀን እራት ላይ፣ "ኮርክ ሄደን ሦስት ቀን እናርፋለን፤ ሆቴል ይዣለሁ" አለችው።

"ከምን ነው የምናርፈው?"

"ከላሞቹ።"

የኮልማን ሚስት ፊዴልማ ኮርክ እንደምትኖር ሁለቱም ያውቃሉ። ሁለቱም አላነሱትም። አትራክታ አድራሻዋን ጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታለች። ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ባቡር ከመመለሳቸው በፊት ይሄ ሰውዬ የፊዴልማን በር ካላንኳኳ፣ ዕድሜ ልኩን እንደማያንኳኳው ታውቃለች። ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ፊዴልማም ልጅ አይደለችም።

ረቡዕ ሲደርሱ ይዘንብ ነበር። ሆቴሉ ደህና ነው፤ መስኮቱ ብቻ ከግድግዳ ጋር ይተያያል። አጠገቡ ወዳለው መጠጥ ቤት ገቡና ማላኪ የደብሊኑን ጥቁር ቢራ አዘዘ። ባንኮኒው ጋ የተቀመጡ ሦስት ሰዎች ጋዜጣቸውን አጠፉ። ኮርክ የራሷ ጥቁር ቢራ አላት።

"ጋሼ ከሩቅ ነው የመጡት" አለ አሳላፊው።

"ከሮስኮመን።"

"እንግዲያው አልሰሙም ማለት ነው። የአገሩ ዋና ከተማ ይቺ ናት።"

"ደብሊን አይደለችም እንዴ?"

"እነሱም አልሰሙም" አለና የኮርኩን ቀዳለት።

ማላኪ ቀመሰው። "ያው ነው" አለ።

ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት ያናገራቸው ሰው የለም።

ሐሙስ ወደ ብላርኒ ሄዱ። እዚያ ግንብ አናት ላይ ሰው በጀርባው ተንጋሎ የሚስመው ድንጋይ አለ፤ የሳመው አንደበቱ ይፈታል ይባላል። አትራክታ በእንዲህ ያለ ነገር አታምንም። ቢሆንም አይከፋም ብላ ነው የወሰደችው።

"ለማን ልናገር ነው የምስመው?" አለ ማላኪ።

"ይሄን ሁሉ ደረጃ ወጥተን? ዝም ብለህ ሳም።"

"ስንት ሺህ ሰው አፉን ያሳረፈበት!"

"ከላም አፍ ጋር ስትውል የኖርክ ሰው፣ ዛሬ ድንጋይ ተጸየፍክ?"

ተንጋለለ። ጎብኚዎችን የሚያግዘው ሰውዬ ወገቡን ያዘው። ማላኪ ድንጋዩን ሳመና፣ የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርሱ ወልቆ ከድንጋዩ ሥር ባለው ክፍተት ቁልቁል ወረደ።

"እኛ ሲወድቅ የለመድነው ቆብ ነው" አለ ሰውዬው።

ከግንቡ ሥር ሣሩን አንድ ሰዓት ፈለጉ። አንድ መነጽርና አንድ ጓንት አገኙ። አንደበቱ እንዲፈታ ብላ የወሰደችው ባሏ እራቱን ሾርባ ብቻ ጠጥቶ፣ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ተኛ። አትራክታ አድራሻውን ከቦርሳዋ አውጥታ አየችውና መልሳ ከተተችው።

ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ጎብኚ ወጥቶ ደወል የሚደውልበትን ቤተ ክርስቲያን ለማየት ዳገቱን ተያያዙት። መንገዱ ላይ ረጅም ሰልፍ አገኙ፤ ሰው ሁሉ ጃንጥላ ይዟል። "ይሄኔ ለደወሉ ነው" አለች አትራክታና ሰልፉ ጫፍ ላይ ቆሙ። ማላኪ ከፊቱ ካለው ሰው ጋር ስለ ዝናቡ አወራ። ሰልፉ የምን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ያውቃል ተብሎ ይታሰባል።

የአንድ አዳራሽ በር አልፈው ሲገቡ ደወል የለም። ሻማና ሬሳ ሣጥን አለ፤ ሣጥኑ ውስጥ ባርት ቱሚ የሚባል ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ተኝቷል። ከኋላቸው ሠላሳ ሰው ቆሟል። ከለቅሶ ፊትን አዙሮ መውጣት ደግሞ በነሱ አገር አይታሰብም።

"ምን እናድርግ?" አለች በሹክሹክታ።

"ምን ይደረጋል? እንጨብጣለን እንጂ።"

ማላኪ ሥራውን ያውቃል። ከሟች ሚስት ጀምሮ የዘጠኙንም ሐዘንተኞች እጅ ጨበጠ፤ ለእያንዳንዳቸው "እግዜር ያጽናችሁ" አለ። ጥርስ ስለሌለው ቃሉ እየተቆራረጠ ነው የሚወጣው። ሐዘንተኞቹ ሳግ የተናነቀው መሰላቸውና መልሰው ያጽናኑት ጀመር። ዘጠነኛው የሟች ወንድም ነበር፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ። የማላኪን እጅ ይዞ ቀረ።

"ከየት ነው የመጣኸው?"

"ከሮስኮመን።"

"ለባርት ብለህ? ከሮስኮመን?"

ማላኪ መዋሸት አልፈለገም፤ እውነቱን መናገርም አልቻለም። "መንገዱ ደህና ነው" አለ።

ወሬው በአንድ አፍታ አዳራሹን አዳረሰ። ቤተሰቡ እጃቸውን ይዞ ማዶ ወዳለው መጠጥ ቤት ወሰዳቸው፤ ሾርባና ሳንድዊች ቀረበ። እዚህ ቤት ማላኪ የኮርኩን ቢራ ሳይጠይቅ ቀዱለት። ሰው እየመጣ ትከሻውን ይነካዋል። የባርት እህት፣ ወፍራምና ደግ ሴትዮ፣ አጠገቡ ተቀመጠች።

"አየህ ወንድሜ፣ አንተ ከሮስኮመን መጣህ። የገዛ አጎታችን ልጅ ሁለት መንገድ አልፎ ነው የሚኖረው፤ አልመጣም።"

"ታሞ ይሆናል" አለ ማላኪ።

"ጤነኛ ነው። ድሮ ተጣልተው ነበር። በምን እንደሆነ አሁን እሱም አያስታውሰው። እኛ ግን ዛሬ አለመምጣቱን እናስታውሳለን፣ እስክንሞት።" ይህን ብላ ሌላ ሳንድዊች አቀረበችለት።

ማላኪ ማንኪያውን አስቀመጠ። ሾርባውን ትንሽ ሲያየው ቆየ።

"የት ነው የምትኖረው?" አለ ወደ ሚስቱ ሳይዞር።

"ማን?"

"አንቺ ሴትዮ፣ ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ።"

አትራክታ አድራሻውን አወጣች።

ፊዴልማ በሩን የከፈተችው የዕቃ ጨርቅ እንደያዘች ነው። መጀመሪያ አትራክታን፣ ቀጥሎ እሱን አየች። ማላኪ ቆቡን አወለቀ።

"እግዜር ያጽናሽ፣ ፊዴልማ።" እጁን ዘረጋ።

ፊዴልማ እጁን አልያዘችውም። "የሞተው ማክሰኞ ነበር" አለች። "የተቀበረው ዓርብ። ዛሬም ዓርብ ነው፤ በቀኑስ አልተሳሳትክም።"

"ዘገየሁ።"

"ጥርስህን ምን በላው?"

"ድንጋይ ስሜ ወደቀ።"

በሩን ወለል አደረገችው። "ግቡ" አለች፣ "ሙቀቱ እየወጣብኝ ነው።"

ሻይ አፈላች። ማንም አልጠጣም።

"ትልቅ ቀብር ነው ያመለጠህ" አለች።

"ንገሪኝ።"

"ከየት ጀምሬ?"

"ከማክሰኞ።"

ፊዴልማም ከማክሰኞ ጀመረች። ስልኩን ማን እንዳነሳ፣ ቄሱ ጉንፋን ይዟቸው እንደነበር፣ ከማን ቤት ስንት ሰው እንደመጣ፣ አንዱን ሳታስቀር ነገረችው። ማላኪ አንገቱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። አትራክታ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። አሥራ አንድ ሊሆን ነው። ኮቷን አወለቀች።

"ሣጥኑን እነማን ተሸከሙት?" አለ ማላኪ።

"ሁለቱ ልጆቼ፣ ወንድሜ፣ ከሥራ ቦታው ሁለት ሰዎች።"

"አምስት ነው።"

"አምስት ነው። በስድስተኛው ቦታ ቀብር አስፈጻሚው የራሱን ሠራተኛ አስገባ። ደህና ልጅ ነው። ቁመቱ ግን አነሰ፤ ሣጥኑ እስከ መቃብሩ ድረስ አዘንብሎ ነው የሄደው።"

ማላኪ ረጅም ሰው ነው። ኮልማንም ረጅም ነበር።

"በየት በኩል?"

"በግራ። ከኋላ።"

ማላኪ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ። ባቡሩ በሰዓቱ ያለ እነሱ ሄደ።

"ቀጥይ" አለ። "ከቤተ ክርስቲያኑ ወጣችሁ። ከዚያስ?"