አማቴ ያወጡልኝ ስም

በደርግ ጊዜ፣ አምቦ አስተማሪ ሳለሁ፣ ሚስቴን፣ ልጄንና አማቴን ይዤ ወንድሜን ልጠይቅ አሰብ ሄድኩ። ከተማውን በብስክሌት እንዙረው ብለን ሁለት ልንከራይ ስንል አከራዩ መያዣ ጠየቀ። መታወቂያዬን ወንድሜ ቤት ረስቼዋለሁ። ሙቀቱ ያዛላቸው አማቴ ጥላ ሥር ተቀመጡና፣ «በል እኔን ያዘኝ!» አሉት። ሳቀና ለቀቀን።

ልጄን ከፊቴ አፈናጥጬ ባሕሩን ሳይ ሰዓቱን ረሳሁት። ለአንድ ሰዓት ብለን የሄድን ሦስት ሰዓት ቆይተን ስንመለስ፣ አማቴ አጠገብ ፖሊስ ቆሟል።

አከራዩ ጮኸብኝ። «ማነው የወሰደው ስላቸው 'የልጄ ባል' ይላሉ! ስሙን ስላቸው ዝም! የማያውቁት ሌባ ቢሆን ነው ብዬ ፖሊስ ጠራሁ። ስም የተናገሩት ገና አሁን ነው።»

በእኛ አገር አማት የልጇን ባል በስሙ አትጠራም፤ ትልቅ ነውር ነው።

«ገመቹ ማለት አንተ ነህ?» አለኝ ፖሊሱ።

እኔ ደረጀ ነኝ። ዞር ብዬ አማቴን አየኋቸው። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው በዓይናቸው ይለምኑኛል። እውነቱን ብናገር እንደ ውሸታም ጣቢያ ሊወሰዱብኝ ነው።

«አዎ፣ ገመቹ ነኝ» አልኩ።

ከኋላዬ ብስክሌት ሲወድቅ ሰማሁ። ሚስቴ ናት፤ ከኋላዬ ቀርታ ነበር፣ አሁን ደርሳ ሰምታኛለች። ገመቹ ማለት ከእኔ በፊት ሽማግሌ ልኮባት እሷ እምቢ ያለችው፣ አማቴ ግን እስከ ዛሬ የሚቆጩበት የጌዶ ከብት ነጋዴ ነው።