ከመቅረት መዘግየት ይሻላል ብዬ

ሆሳዕና ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ቤተር ሌት ዛን ኔቨር» ብዬ ጻፍኩና «ከመቅረት መዘግየት ይሻላል ማለት ነው፤ እስቲ ምሳሌ ስጡኝ» አልኩ። አንዱ ስለ ቤት ሥራ አወራ፤ ሌላው ስለ መኪና። ከኋላ አንዲት ተማሪ ተነሣችና «ቲቸር፣ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ከዓመት በኋላም ቢሆን ይሂድ» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ።

«ጎበዝ!» አልኳት፤ ሌላ ምን ልበላት?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ የጀመርኩት ሀቢቾ በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። ከዳምቦያ ከመጣ መምህር ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ሦስት ዓመት ኖረናል። እናቱ ቆጮና አይብ በኮባ ጠቅልለው ሲልኩ የእኔን ለብቻ ያስሩት ነበር፤ እንዳልሳቀቅ። እኚህ ሴት ሲሞቱ እኔ ወደ ሆሳዕና ተዛውሬ ፈተና እያረምኩ ነበርና ደውዬ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩት። እኛ ዘንድ ግን በስልክ ለቅሶ አይደረስም። በሩ ላይ ቆመህ ጮኸህ ካላለቀስክ አልመጣህም። አላውቅም ነበር እንዳልል አውቃለሁ! ቅዳሜ እሄዳለሁ አልኩ፤ ቅዳሜው አለፈ። ከዚያ አፈርኩ። ባፈርኩ ቁጥር ዘገየሁ፣ በዘገየሁ ቁጥር ባሰብኝ፤ በመጨረሻ መደወሉንም ተውኩት። ስምንት ወር! አይ እኔ፣ እያደር ጥሬ።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ዳምቦያ ሄድኩ። ይቆጣ፣ ይስደበኝ፣ ደስ እንዳለው ያድርግ፤ ብቻ ያንን ወንድሜን እንዳላጣው ፈርቼ ነበር።

ከግቢያቸው ደጃፍ፣ መንገዱ ዳር ድንኳን ተተክሏል። የጎረቤት ሠርግ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በሩ ላይ ስደርስ ግን እንባዬ ራሱ መጣ። «ወይኔ እማዬ! ወይኔ እማዬ!» እያልኩ ደረቴን እየመታሁ ገባሁ። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።

ጓደኛዬ ጥቁር ለብሶ ወጣ። አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ብዙ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«አባቴን ትናንት ቀበርነው» አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እማዬ ከሞተች ጀምሮ፣ ሰው በመጣ ቁጥር አባዬ ‘ያ ልጄስ ምነው ቀረ?’ ይለኝ ነበር» አለ፣ ፊቱን በእጁ እየጠረገ። «ታሟል እለው ነበር። ምን ልበለው? እስኪሞት ድረስ ሲጸልይልህ ነበር።»