የመጀመሪያ ዋጋ

እናቴ በሕይወቷ የመጀመሪያ ዋጋ ከፍላ አታውቅም። ጅማ ገበያ ውስጥ ኮረሪማ፣ ጥምዝና ማር ስትገዛና ስትሸጥ ነው ያረጀችው። ሻጩ የፈለገውን ይጥራ፣ እሷ ግማሹን ትላለች፤ እምቢ ሲላት ነጠላዋን አስተካክላ ቀስ እያለች ትሄዳለች። ዋናው ቀስ ማለቱ ነው። «ፈጥነሽ ከሄድሽ የምርሽን ይመስለዋል፣ ከቆምሽ ደግሞ ይንቅሻል» ትለኛለች። ቀስ ብላ ስትሄድ ሁልጊዜ ከኋላዋ ይጠሯታል። እኔ ይህን ጥበብ አልወረስኩም። ቁጡ ነኝ፤ ዋጋ ሲበዛብኝ ተሳድቤ፣ ገዝቼ እወጣለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ጀርመን አገር ሆስፒታል ከገባ ወራት አልፈው ነበር የእናቴ ቪዛ የወጣው። ጉበቱን ነበር ያመመው። ለእሷ ሲደውል ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እየተሻለኝ ነው እማዬ፤ አትቸኩዪ፣ ትኬቱ ረከስ ሲል ትመጫለሽ» ይላታል። ለእኔ ሲደውል ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ነበር የሚመስለው። ሐኪሞቹ ተስፋ እንደቆረጡ ነገረኝ፤ ደም ግፊቷን ፈርቶ ለእሷ ትንፍሽ እንዳልል በአባታችን አጥንት አስማለኝ። «ብቻ አድርሺልኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ የቀረን ነገር አንድ ነበር፤ አዲስ አበባ እንኳ በአውሮፕላን ሄዳ የማታውቀው እናቴ ልጇን በሕይወት እንድታገኘው ማድረግ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ የትኬቱን ሩብ እንኳ መክፈል አልችልም። ገንዘቡም፣ ውሳኔውም የእሷ ነበር።

ቪዛው እጃችን በገባ ማግስት ትኬት ቢሮ ይዣት ሄድኩ። የቢሮው ባለቤት ሳቂታ ጎልማሳ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሐሙስ ጠዋት ፍራንክፈርት የሚያደርስ ቀጥታ በረራ አገኘልንና ዋጋውን ነገራት።

«ቀንስ» አለችው፣ ገና ቃሉን ሳይጨርስ።

«ሀርሜ፣ እኔ አይደለሁም እኮ ዋጋ የማወጣው» አላት። ጅማ ውስጥ እናት የምታክል ሴት ሁሉ ሀርሜ ናት። «ኮምፒውተሩ ነው።»

«ኮምፒውተሩ የማን ነው?»

«የእኔ ነው፣ ግን...»

«እንግዲያው ባለቤቱ አንተ ነህ። ንገረው።»

ሰውየው እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ያሳፍረኛል። እናቴ ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወደ በሩ ቀስ እያለች ሄደች። ሰውየው ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ «ማሎ ሀርሜ! እባክዎ ይቀመጡ! ነገ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም» አላት። ከልቡ ነበር። እሷ ግን ደጅ ስንወጣ ክንዴን ጨምቃ፣ «ሰማሽው? ጠራኝ። ነገ ይወርዳል» አለችኝ።

በማግስቱ ጨምሮ ጠበቃት። «እልኸኛ ነው» አለች፤ ፊቷ ላይ ግን ንዴት አልነበረም፣ እንዲያውም ደስ ያላት ይመስል ነበር። ስንት ዘመን የሸቤን ማር ሻጮች ስትረታ ኖራ፣ በስተርጅና የሚመጥናት ተከራካሪ አገኘች። ሐሙስ በዚህ ሁኔታ መጥቶ አለፈ።

ከዚያ ርካሽ መንገድ ፍለጋ ገባን። ቢሮ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬ ላይ ተደፍቼ እፈልጋለሁ፣ ማታ ራት ላይ እነግራታለሁ። በካይሮ በኩል ርካሽ አለ፣ ግን ሙሉ ቀን አየር ማረፊያ ያስቀምጣል። በኢስታንቡል በኩል ሌላ የጀርመን ከተማ ወርዶ በአውቶቡስ መጨረስም ይቻላል። እናቴ ይህኛውን ወደደችው።

«ቀጥታ መኪና መቼም ውድ ነው» አለች። «ቦንጋ የሚሄድ ሰው ሸቤ ወርዶ ሌላ ይይዛል። አውሮፕላንም ያው ነው።»

ከሁሉም የረከሰው ግን ሁለት ትኬት ለየብቻ የሚገዛበት ነበር። መሃል ላይ ወጥቶ ሻንጣ መቀበል አለ፣ ለመውጣት ደግሞ የዚያን አገር ቪዛ ይፈልጋል።

«ለራሴ ሻንጣ ቪዛ?» ብላ እጇን ከመሶቡ ላይ አነሳች። «ሸቤ ላይ ጆንያዬን ሳወርድ ማን ፈቃድ ጠይቆኝ ያውቃል?»

ንፉግ ሆና አልነበረም። የተረፈውን ለልጇ ሐኪም ልትሰጥ ነበር የምትቆጥበው። ሕክምናውን ኢንሹራንስ እንደሚሸፍንለት መቶ ጊዜ ነግሬያታለሁ። «በነጻ የሚያክም አገር ካለማ እኛ እዚህ ምን እንሠራለን?» ትላለች። አንድ ማታ ትዕግሥቴ አለቀና «እማዬ፣ በቃ፣ ባለው ዋጋ እንግዛው!» ብዬ ጮህኩባት። «ምን ያጣድፍሻል? እሱ ራሱ ረከስ ሲል ነይ ብሎኛል» አለችኝ። መሐላዬ ያዘኝ። ወጥቼ ጓሮ ቡናው ሥር ቆሜ አለቀስኩ። ያን ሰሞን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ዋጋው ከፍ ብሎ አገኘዋለሁ፤ ወንድሜ ሲደውል ድምፁ ዝቅ ብሎ አገኘዋለሁ። የሁለቱን መጨረሻ እያየሁ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። እንደዚያ አቅም አጥቼ አላውቅም።

ረቡዕ ቀን፣ ቢሮ ሳለሁ የወንድሜ ጓደኛ ከጀርመን ደወለልኝ። ወንድሜ ማክሰኞ ማታ ሞቷል።

ጅማ አጠገብ ደዶ ላለው አጎቴ፣ ለእናቴ ወንድም፣ ደወልኩ። መጀመሪያ አለቀሰ። ቀጥሎ ድምፁን አጠንክሮ፣ «አደራ፣ ፊትሽ እንዳያሳብቅ። ንጋት ላይ ከዕድሩ ሽማግሌዎች ጋር እንመጣለን» አለኝ። መርዶ በእኛ ወግ እንዲህ ነው፤ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ የሚደግፍ ሰው ሳይኖር ለእናት አይነገርም። ሰቶ ሰመሮ የሚባለው ሰፈራችን ስደርስ የዕድሩ ሰዎች ለጎረቤት ሁሉ ነግረው ነበር። ሴቶቹ ከሩቅ አይተውኝ ዓይናቸውን ሰበሩ።

እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ዛሬስ? ምን አለ ያ እልኸኛ?» አለችኝ፣ እንደ ሁልጊዜው።

ስልኬን ከፈትኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ፊቴን የምደብቅበት ነገር እሱ ብቻ ነበር። ቀጥታው በረራ ቀንሷል። ከመጀመሪያው ቀን ዋጋ እንኳ ወርዷል። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ቀንሷል» አልኩ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

እናቴ እልል አለች። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ አደባባይ እንደወጣች የሙሽራ እናት እልልታዋን አቀለጠችው። «አላልኩሽም? ጠራኝ! ጠራኝ!» ሌላ ቀን ቢሆን ሰፈሩ በሙሉ ምን ተገኘ ብሎ ይመጣ ነበር። ያን ቀን ግን አንድም ሰው ብቅ አላለም።

«ግዢው፣ አሁኑኑ» አለችኝ።

«ሲስተም የለም። ጠዋት እንገዛዋለን።»

ሲስተም የለም ሲባል የማያምን የለም፣ እሷም አመነችኝ። ኮረሪማውንና ማሩን በፌስታል ላይ ፌስታል ደርባ ሻንጣዋ ውስጥ አስቀመጠች። አውሮፕላኑ ውስጥ መስኮት አጠገብ ትቀመጥ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ደስ ብሏት ተኛች፤ እኔ ከጎኗ ተጋድሜ አተነፋፈሷን ሳዳምጥ አነጋሁ።

ሰማዩ ሳይቀላ መጡ። አጎቴ ከፊት ነበር። እናቴ ወንድሟን በዚያ ሰዓት ስታየው ለመንገዷ ሊሰናበታት የመጣ መስሏት ፈገግ አለች። ከኋላው የቆሙትን አየች። ማንም ቃል ሳይተነፍስ ገባት። የልጇን ስም አልጠራችም። ደረቷን እየመታች፣ «በልጄ ተከራከርኩ! በልጄ ዋጋ ተከራከርኩ!» አለች። ሰዎቹ ያዟት። የሟች እናት ብዙ ትላለች ብለው ማንም ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቀም። እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው።

አስከሬኑ በቀጥታው በረራ መጣ። ጓደኞቹ አዋጥተው ነው የላኩት። ስንት እንደሆነ የጠየቀ ሰው የለም።

ከአርባው በኋላ አንድ ከሰዓት ጓሮ ተቀምጠን ኮረሪማ እንለቅማለን። ገበያ መመለሷ ነበር፤ እንጀራ ነውና። ቀና ሳትል፣ «ያን የመጀመሪያውን ይዤ ቢሆን ኖሮ» አለችኝ፣ «እደርስለት ነበር?»

ጓደኛው ለቅሶ መጥቶ የሞተበትን ቀን ሲናገር አጠገቡ ተቀምጣ ሰምታለች። የበረራውን ሐሙስም ታውቃለች፣ የሞተበትን ማክሰኞም ታውቃለች።

«አትደርሺም ነበር» አልኳት።

ከሳፋው አንድ እፍኝ ኮረሪማ ዘገነች።

«እሺ» አለች። አልተከራከረችኝም።