የአዲሱ ግንባችን ስንጥቅ

ወዳጆቼ፣ ተቀምጣችሁ አንብቡ። ዛሬ ከሰዓት የግቢያችን አዲሱ የኮንክሪት ግንብ ተሰነጠቀ።

ያ ግንብ ካልያዘው፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር የዳገቱ አፈር እማዬ ጓዳ ነው የሚገባው።

በድሬ ሙቀት ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ጆንያ አልብሰን ውሃ እናጠጣዋለን። የዛሬ ተረኛ እኔ ነበርኩ። (ማን እንደመረጠኝ አትጠይቁኝ።)

እርጥቡን ጆንያ ብደገፈው ጀርባዬ ቀዘቀዘ። ግንቡ ቀስ ብሎ ባሕር ሆነ፤ እኔም ጀልባ ላይ ተጋድሜ ወደ ጅቡቲ ተንሳፈፍኩ።

ስነቃ ጆንያው ደርቋል። ገለጥ ሳደርገው ከላይ እስከ ታች ቀጭን ስንጥቅ!

እማዬ "ገደልከኝ!" ብላ ስትጮህ ግንበኛው አብዲ መጣ። ስንጥቁን በጥፍሩ ይዞ ሳበው።

"ወሪያ፣ የጆንያ ክር እኮ ነው! በል ተነስ፣ አጠጣ!"

አዎ፣ ይህን ሁሉ ያስለፈለፈኝ አንዲት ክር ናት። እናንተንስ ሥራ ላይ እንቅልፍ የት ወስዷችሁ ያውቃል?