የሐሙሱ ዘፈን ባለቤት

ግሌን በአንድ እጁ ቢራውን፣ በሌላው የሚስቱን ሎሚናት ይዞ ከባንኮኒው ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። ጌይነር የባሏ ፊት እንዲህ ሲበራ አትወድም። ያገባችው ሰው ደግ ነው፣ ታታሪ ነው፤ ግን እንዲህ ደስ ካለው አንድ ጣጣ ይዞባት እንደመጣ ታውቃለች።

«አላስመዘገብኩሽም በለኝ» አለችው።

«አስመዝግቤሻለሁ። የመጨረሻዋ ነሽ።»

«ግሌን፣ እግሬ አብጧል እኮ። ሳምንቱን ሙሉ ለዚያ ሁሉ ተማሪ ድንች ስልጥ ነው የከረምኩት። እስቲ ተወኝ።»

«ዘፈን በእግር ነው እንዴ የሚዘፈነው?» አለና ከቢራው ተጎነጨ። «ዛሬ ያገኙታል። ዛሬ ሁሉም አፉን ይዘጋል።»

እሑድ ከሰዓት ነበር። የፍሊትዉድ ዓሣ አጥማጆች ክበብ ዛሬ የሰማንያዎቹን ዘፈኖች ሊያስታውስ አዳራሹን በቀለማት ወረቀት አንቆጥቁጦታል። ዓሣ የሚያጠምድ አባል ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀሩት ጡረተኞች ናቸው። ውድድሩ «እንደ ሸክላው» ይባላል። ሁሉም አንድ ዘፈን ይዘፍናሉ፣ ድምፁን ከሸክላው ጋር በጣም ያመሳሰለ ያሸንፋል። ሽልማቱ በየእሑዱ በዕጣ የሚወጣው የስጋ ትሪ ነው፦ ቋሊማው፣ የአሳማ ጎድኑ፣ አንድ ሙሉ ዶሮ። ዘፈኑ «ሐሙስ ጠብቀኝ» ነው። ዳኛዋ ደግሞ ራሷ ካሪና፣ የዘፈኑ ባለቤት ተብላ የምትታወቀው።

የዘፈኑ ባለቤት ግን ጌይነር ነበረች።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ጌይነር ሃያዎቹን ገና የጀመረች ልጅ ነበረች። ቀን ቀን በዓሣ ፋብሪካ ሥጋ ከአጥንት ትለያለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በየሠርጉ ትዘፍናለች። አንድ ሠርግ ላይ ቪንስ የሚባል የማንችስተር ሰው ሰማትና ምድር ቤት ወዳለች ስቱዲዮው ጠራት። «ለሌላ ዘፋኝ ማጥኛ የሚሆን ቅጂ ነው የምፈልገው፤ አንቺ ዝፈኚልኝ፣ ባለቤቲቱ ከአንቺ ሰምታ ታጠናዋለች» አላት። ጌይነር ዘፈነች፣ የዕለቷን ተቀበለች፣ በባቡር ወደ ቤቷ ተመለሰች። ምን ብላ ትጠይቅ? ለፋብሪካ ልጅ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ መዝፈኗ ብቻ ድግስ ነበር።

ያን ጊዜ እሑድ ወደ ማታ፣ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ጸጥ ይል ነበር። ሬዲዮው የሳምንቱን ምርጥ ዘፈኖች ከታች ወደ ላይ ሲቆጥር፣ ልጆች ካሴት መቅጃው ፊት ተንበርክከው፣ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አድርገው፣ አቅራቢው አፉን ሳይከፍት ለማቆም ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ። በዚያ ሰዓት «ራት ቀርቧል» የምትል እናት ጠላት ናት። ጌይነርም በእንዲህ ያለ እሑድ የሥራ ሽርጧን ስትተኩስ ነው ራሷን በሬዲዮ የሰማችው።

ራሷን ነው፤ ግን ደግሞ ራሷን አይደለም። ቪንስ ቴፑን አዘግይቶ ቀድቷት፣ ኋላ አፍጥኖታል። ያን ጊዜ ይህን የሚያደርግ ሞልቶ ነበር፤ ድምፁ ይቀጥናል፣ ያለ ልክ ወጣት ይሆናል። «እማዬ፣ ይቺ እኮ እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። እናቷ ጆሮዋን ወደ ሬዲዮው አዘንብላ ሰማችና፣ «ይቺ? ይቺማ ገና ጥርሷን ያልጨረሰች ሕፃን ናት» አለቻት። ዘፈኑ ሽቅብ ወጣ፣ ከአምስቱ ምርጦች ገባ። ሐሙስ ማታ በቴሌቪዥን፣ ፀጉሯን እንደ ድርቆሽ የከመረች፣ ትከሻው የተሞላ ቢጫ ጃኬት የለበሰች ካሪና የምትባል ቆንጆ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስበት ታየች። ጌይነር ለቪንስ ደውላ ደውላ ታከታት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቪንስም ሞተ፤ ዘፈኑ በተቀዳ ዕለት ደግሞ ስቱዲዮው ውስጥ ከእሷና ከእሱ ሌላ ሰው አልነበረም።

የዚያ ዘመን ዘፈን ደግሞ ክፋቱ አለመሞቱ ነው። አንድ ክረምት ተጨፍሮበት፣ እንደ ማንኛውም ነገር አርጅቶ ቢቀበር ምን ነበረበት? ግን ገበያ አዳራሽ ስትገባ ይጠብቅሃል፣ ጥርስህን ልታስነቅል ስትጋደም ይጠብቅሃል፣ ስልክ ደውለህ «ይጠብቁ» ሲሉህ ያው ከበሮ ይደልቅልሃል። ጌይነር በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ድንች እየላጠች ስንት ጊዜ የገዛ ድምፏን ሰማች! መጀመሪያ መጀመሪያ ልቧ ይዘል ነበር። ከዚያ ያናድዳት ጀመር። አሁን ግን ይደክማታል፤ በቃ፣ ቁጭ በይ ቁጭ በይ ይላታል።

ለራሷ ቢሆን ነገሩን ድሮ ትታዋለች። የማይተወው ግሌን ነው። በተዋወቁ ሰሞን አንድ ጊዜ ነገረችው፤ እሱ ለክበቡ ነገረ፣ ለአውቶቡስ ሾፌሩ ነገረ፣ ለቄሱ ሳይቀር ነገረ። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ላይ ያ ዘፈን በተከፈተ ቁጥር አንዱ ይነሣና «ጌይነር፣ አንቺው ነሽ እንዴ?» ይላል፤ አዳራሹ በሳቅ ያውካካል። ግሌን አንድ ቀን የልብ ጓደኛው እንዲህ ሲል ቢራውን ጭኑ ላይ ደፋበት። እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። ጌይነርን የሚያንገበግባት ይሄ ነበር፤ ባሏ እሷን ባመነ የሰፈር መሳቂያ ሆኖ መኖሩ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ በሰው ፊት ግሌን ትክክል ሆኖ ቢገኝላት ሌላ አትፈልግም። እግሯ አብጦም ከወንበሯ የተነሣችው ለዚህ ነው።

ከእሷ በፊት ከፀጉር ቤት የመጣች አንዲት ቀጭን ልጅ ዘፈነች፤ ሸክላውን ቁጭ። ከዚያ አንድ ቦርጫም የአውቶቡስ ሾፌር ወጥቶ ድምፁን በአፍንጫው አቅጥኖ እያሾፈ ዘፈነ፤ ሰዉ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ቀጥሎ የክበቡ ዝግጅት ኃላፊ ክላይቭ ድምፅ ማጉያውን ያዘ።

«አሁን ደግሞ እመቤቶችና ጌቶች፣ የራሳችን ኮከብ! ዘፈኑን በሌላ ሰው አፍ ያስቀመጠችልን ጌይነር! ግሌን፣ ቢራህን ከኔ አርቅልኝ፣ ሱሪዬ አዲስ ነው!»

ሳቁ እስኪበርድ ጌይነር መድረኩ ላይ ቆማ ጠበቀች። ከበሮው ጀመረ። የመጀመሪያዋን ቃል ስትጀምር ድምፏ እታች ቀረ። ያ ዜማ እሷ ያኔ ከዘፈነችውም በላይ ነው፤ የቪንስ ማሽን ያወጣው ዜማ ነው፤ በሃያ ዓመቷም አትደርስበትም ነበር። አሁን ደግሞ በወጥ ቤት እንፋሎት ውስጥ ስትጮኽ የኖረች ሴት ናት። አዝማቹ ላይ ድምፏ ተሰነጠቀ። አላቆመችም። ዝቅ አድርጋ፣ በምትችለው፣ ያን ዕለት ምድር ቤቱ ውስጥ እንደዘፈነችው አድርጋ ጨረሰችው። የፊተኛው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠችው ካሪና አንገቷን ቀና አድርጋ፣ አፏ በትንሹ ተከፍቶ ታያት ነበር።

«ጥሩ ሞክረሻል እናቴ» አለ ክላይቭ። «ግን ባለቤቲቱ ትሻላለች።»

ካሪና ውጤቱን ስትናገር ጌይነርን ቀና ብላ አላየቻትም። ስጋውን የፀጉር ቤቷ ልጅ ወሰደች። ሁለተኛ አውቶቡስ ሾፌሩ። ጌይነር ሦስተኛ ወጣች፤ የተወዳደሩት ሦስት ነበሩ። ግሌን ተነሥቶ ብቻውን አጨበጨበ።

ከዚያ ቢንጎ ሆነ። በቢንጎ ሰዓት በዚያ ክበብ ውስጥ ማሳል እንኳ ነውር ነው፤ ሁሉም ቁጥሩ ላይ ተደፋ። ጌይነር ይህን ተገን አድርጋ ወደ ሴቶች መጸዳጃ ቤት ገባች፤ ፊቷን ውኃ ልታስነካ። ካሪና መስተዋቱ ፊት ነበረች። ከቢንጎው በኋላ መድረክ ትወጣለችና ቢጫ ልብሷን ለብሳለች፤ የጀርባው ዚፕ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል።

«ይቅርታ፣ ልታግዢኝ ትችያለሽ? ክንዴ አልታዘዝ ካለኝ ቆየ።»

ጌይነር ዚፑን ያዘች። ካሪና በመስተዋቱ ውስጥ አየቻት።

«አንቺ ነሽ፣ አይደል?» አለቻት ቀስ ብላ።

የጌይነር እጅ ቀጥ አለ። «በምን አወቅሽ? ድምፁ እኮ የኔን አይመስልም።»

«ድምፁን ተይው። አተነፋፈስሽ ነው። ከእያንዳንዱ አዝማች በፊት ሌላ ሰው በማይተነፍስበት ቦታ አንዲት ትንፋሽ ትሰርቂያለሽ። ሸክላው ላይ አለች። ያቺን ካልተነፈስኩ ሰው ይነቃብኛልና ያን ሁሉ ዘመን አብሬሽ ስተነፍስ ኖርኩ። ሁለት ባል ፈትቻለሁ፣ የአንዳቸውንም ትንፋሽ እንዲህ አላውቅም።»

ጌይነር ሳቅ መጣባት፤ ከሳቁ በስተኋላ ልቅሶም ነበር። ጠብ አስባ ነበር ለዚህች ሴት፣ ስንት ዓመት። አሁን ግን ፊቷ የቆመችው ጀርባዋ የጎበጠ፣ ሽበቷን ቀለም የሸፈነላት፣ እንደሷው የደከማት ሴት ናት።

«ባሌ ውጭ ተቀምጧል» አለቻት። «ሌላ ምንም አልፈልግም። ለሱ ብቻ ንገሪው። በጆሮው።»

«ለባልሽ ከነገርኩት ለሰው ያወራል?»

ጌይነር መዋሸት ትችል ነበር። «ያወራል» አለች። «ነገ ጠዋት ከተማው ሁሉ ይሰማዋል።»

«ታዲያ እኔስ? በሚቀጥለው ሳምንት ብላክፑል እጠበቃለሁ፣ ከዚያ ሌላ ቦታ። ሌላ ሙያ የለኝም፣ የኔ እህት። አፍ ከመክፈት ሌላ ማን ምን አስተማረኝ? ያኔ ዘፈኑን ልትዘፍን የነበረችው ዘፋኝ ታማለች፣ እስክትድን አንቺ ከንፈርሽን አንቀሳቅሺ አሉኝ። እሷም ሳትመጣ ቀረች።» ዓይኗ ውኃ ሞላ፤ እንዳይፈስ ወደ ላይ አየች፣ ኩሉ ይበላሻላ።

ጌይነር ወጥታ መጮኽ ትችል ነበር። ከክላይቭ ድምፅ ማጉያውን ተቀብላ «ጠይቋት!» ልትል ትችል ነበር። ካሪና ትክዳለች፤ ሰዉ ይስቃል፤ ግሌን ሌላ ቢራ ሌላ ሰው ላይ ይደፋል። ይህን ሁሉ ገና ስታስበው ደከማት። ዚፑን እስከ አንገት ድረስ ዘጋችላት።

«ሂጂ» አለቻት። «ይጠብቁሻል።»

ካሪና እጇን ጭምቅ አደረገቻትና ወጣች። ከበሮው ደለቀ፣ አዳራሹ ከወንበሩ ተነሣ፣ ያ ሁሉ ሽማግሌና አሮጊት እንደ ልጅ አብሮ ዘፈነ። ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ግሌን ነበር። ጌይነር ግድግዳውን ተደግፋ ሰማች። ደስ አላት። እሷንም ገረማት፤ ደስ ነው ያላት። አንድ የሚያውቅ ሰው ተገኝቷል። ቤታችን ስንደርስ ለግሌን እነግረዋለሁ፣ ለማንም እንዳይናገር አስምለዋለሁ፤ ቢያንስ እሱ ይረፍ አለች በልቧ።

ግሌን ጠጥቷልና መኪናውን የያዘችው እሷ ናት። ከባሕሩ ዳር መንገድ ሲደርሱ፣ «ግሌን፣ ዛሬ ምን ሆነ መሰለህ» ብላ ስትጀምር እሱ ቀደማት።

«አንድ ነገር ልበልሽ፣ ግን እንዳትቀየሚኝ። ሁለተኛ አላስመዘግብሽም። ፊትሽን ሳየው አንጀቴን በላሽው። ለኔ እኮ ያ ነገር እውነት ሆነ አልሆነ ምንም ማለት አይደለም።»

«እንዴት ማለት?»

«ሰው ልጅ ሳለ ያወራል፣ የኔ ፍቅር። እኔም የሊቨርፑል ክለብ ሊወስደኝ ነበር ብዬሽ የለ? ያኔ ስትነግሪኝ ዓይንሽ ያበራ ነበር። ደስ አለኝ፣ ሰማሁሽ። ማን ይመረምራል?»

ጌይነር ፍሬኑን ሳታስበው ረገጠችው፤ ከኋላዋ ያለው መኪና ጥሩንባ ነፋባት።

«ታዲያ ከሰው ጋር ስትጣላ የኖርከው?»

«ሚስቴን ውሸታም ሲሏት ዝም ልበል?» አለ ግሌን ከልቡ ተገርሞ።

ማርሹን አስገብታ መኪናውን አስነሣች። ጥቂት እንደሄዱ፣ «እኔ ነበርኩ፣ ግሌን» አለችው። ድምፏ ውስጥ ቁጣ አልነበረበትም።

«እሺ የኔ ፍቅር፣ አንቺ ነበርሽ» አለና ትከሻዋን መታ መታ አደረገላት። ትዳራቸውን ሙሉ እንዲሁ ነበር የሚላት፣ በዚሁ ድምፅ፣ በዚሁ ደግነት፤ አንድም ቀን አላመናትም ነበር።